ወደ ባሌ ተራሮች ከቤተሰብ ጋር፦ ኒያ፣ ስንቅና አማና



የእኛ ቤተሰብ ጉዞ የሚያውቀው ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለንግድ ነው። አላህ ሲያገራለት ደግሞ ለዑምራና ለሐጅ ይወጣል። አባት፣ እናትና ልጆች ስንቅ ቋጥረው፣ የአላህን (ሱ.ወ) ፍጥረት ለማየት ብቻ የሚነሱበት ጉዞ ግን እምብዛም አልተለመደም። ለምን ይሆን ብለን ስንጠይቅ ከብዙዎች የምንሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው። «ሶላታችን ይበላሽብናል፤ ሐላል ምግብ አናገኝም፤ ሴቶች ልጆቻችንን ይዘን የት እንገባለን?» ይሉናል። እነዚህ ሥጋቶች ከዲን ፍቅር የመጡ ናቸውና የሚናቁ አይደሉም። ረጋ ብለን ስንመረምራቸው ግን አንዳቸውም ሰውን ከቤት የሚያስቀሩ ሆነው አላገኘናቸውም። የጎደለው ዕቅድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ቦታ መርጠን፣ ቤተሰብ እንዴት አቅዶ ሄዶ በሰላም እንደሚመለስ ለማሳየት እንሞክራለን። የመረጥነው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው። አንደኛ፣ በአገራችን ካሉት ታላላቅ ፓርኮች አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ መስጊድም ሆነ ሐላል ምግብ ሩቅ አይደለም። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከብዳል። እዚያ ያለው ሀብት በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ፣ አያያዙ ከተበላሸም የማይመለስ ነው።

ለመሆኑ እዚያ ምን አለ?

ፓርኩ የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም ሲሆን ስፋቱ ከ2 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም በሪያድ በተካሄደ ጉባኤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በሰሜን በኩል በዲንሾ አካባቢ የጌይሳይ ሣራማ ሜዳና የጽድና የኮሶ ዛፍ ደን ይገኛል። እዚህ በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚኖረው የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ ያለ ብዙ ድካም ይታያሉ። ከጎባ ከተማ ወደ ደቡብ ሲወጣ የሳነቲ አምባ አለ። ከፍታው 4 ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን ሜዳው በጅብራ ተክልና በትናንሽ ኩሬዎች የተሞላ ነው። ከአምባው በላይ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። ከሳነቲ ወደ ደቡብ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና በአስታ ቁጥቋጦና በቀርከሃ ውስጥ አልፎ ወደ ሐረና ደን ይገባል። በዚህ ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በገዛ ራሱ ይበቅላል። ጉሬዛው፣ የባሌ ጦጣው፣ ነብሩና አንበሳው መኖሪያቸው እዚሁ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭ ከሚጋገርበት አምባ ተነስቶ፣ ማርና ቡና ወደሚገኝበት ሞቃት ጫካ መድረስ ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው እንግዳ ግን ቀይ ቀበሮ ነው። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ጀዴላ ፈርዳ» ይለዋል። በመላው ዓለም የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በባሌ ነው። ምግባቸው በዋነኛነት የሳነቲ ፍልፈልና አይጥ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን በአንድ ማለዳ የሚያዩት እንስሳ፣ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዕድሜውን ሙሉ የማያየው ነው።

ውኃውንም እንዳንረሳ። ወይብ፣ ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ወልመልና ዱማል የሚባሉት ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ውኃ ያገኛሉ። የዚህ ውኃ ተጠቃሚ ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በሳነቲ ላይ የጠብታ ያህል የሚታየው ምንጭ፣ ታች በቆላው ለከብትና ለሰው ሕይወት ነው።

መጀመሪያ ኒያ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዐንከቡት በምድር ላይ እንድንጓዝና መፍጠርን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት ያዘናል። በሱረቱል አንዓም ደግሞ በምድር ላይ የሚሄደውም ሆነ በክንፉ የሚበረው ፍጥረት እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ስለዚህ ጉዞአችንን በዚህ ኒያ ከጀመርነው፣ ለነፍስ ዕረፍት ከመሆኑ በላይ የምንዳ ተስፋ አለው። ከመነሳታችን በፊት ያለብንን ዕዳና አደራ እንመልከት። የጉዞውንም ገንዘብ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ከዘመድ ሐቅ ቀንሰን አንውሰድ።

ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በቤተሰብም ቢሆን ሥራው ቢከፋፈል መልካም ነው። አንዱ የሶላት ሰዓት ይጠብቅ፣ አንዷ ስንቁን ትቆጣጠር፣ ትንሹ ልጅም ቆሻሻ የሚሰበሰብበትን ከረጢት ይያዝ። ሥራ የተሰጠው ልጅ በጉዞ ላይ አይነጫነጭም።

መቼ እንሂድ?

ብዙ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚያስበው ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት ነው። ለባሌ ግን ክረምት አይመከርም። ዝናቡና ጭጋጉ ተራራውን ይሸፍኑታል፤ የጥርጊያውም መንገድ ይጨቀያል። የተሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው፤ የትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት ዕረፍትም በዚሁ ውስጥ ይውላል። ይሁን እንጂ በበጋ ቀኑ ጠራራ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣም ጉዞው ከጾሙ ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ለጉዞው አራት ቀን ብንይዝ ይበቃል። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአዳማና በአሰላ በኩል፣ ወይም በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል አድርጎ፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ይደረሳል። በመጀመሪያው ቀን ከሱብሂ በኋላ ተነስተን ምሳችንንና ሶላታችንን ዶዶላ ወይም አዳባ ላይ ካደረግን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዲንሾ እንገባለን። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለውም፣ አስጎብኚ የሚገኘውም በዚሁ ነው። በሁለተኛው ቀን ጧት በዲንሾ ደን በእግር ዞር ዞር ብለን አጋዘኑን እንይና በሮቤ በኩል ጎባ ሄደን እንደር። ሦስተኛው ቀን የሳነቲና የሐረና ነው። በአራተኛው ቀን እንመለሳለን።

አንድ ቀን መጨመር የሚችል ቤተሰብ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ቢያይ አይጸጸትም። በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራው ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በውስጡ የሚያልፈውም ከተራሮቹ የሚወርደው የወይብ ወንዝ ነው። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እዚያ ስናስታውስ ዱዓችንን ግን ለፈጠረን ጌታ ብቻ እናድርግ።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግንበት ምክንያት አለን። ዲንሾ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ ሌሊት ያደረ ሰውነት ወደ 4 ሺህ ሜትር ሲወጣ ብዙ አይደናገጥም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊያጋጥም ይችላል። ይህ ከባሰ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ነው። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር እናት፣ እንዲሁም ሕፃን ልጅ ያላቸው ወላጆች ከመነሳታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታም ከመነሳት በፊት ወደ ፓርኩ ደውሎ መጠየቅ ይገባል።

ሶላታችን እንዴት ይሁን?

እዚህ ላይ ዲናችን ምን ያህል ገር እንደሆነ እናያለን። ለመንገደኛ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ወደ ሁለት ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፤ መግሪብና ሱብሂ እንዳሉ ናቸው። በአገራችን በብዙ ሥፍራ በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር አንድ ላይ መስገድም ይፈቀዳል። የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች በማጣመሩ ላይ የተለየ አቋም ስላላቸው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዝርዝሩን ከመነሳቱ በፊት የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። መኪና የተከራየን ከሆነም የምንቆምበትን ሰዓት ለሾፌሩ ጧት ላይ እንንገረው። በመንገድ ላይ ከሚነሳ ጭቅጭቅ የጧት ስምምነት ይሻላል።

ቂብላውን ለማወቅ ባሌ ላይ ማንም አይቸገርም። መካ ከባሌ ተራሮች በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጧት ፀሐይ የምትወጣበትን ወደ ቀኝ እጅ፣ ማታ የምትጠልቅበትን ወደ ግራ እጅ አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። ይህን ለልጆች በሜዳው ላይ ቆመን ብናሳያቸው ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ለጭጋግ ቀን ግን ትንሽ ኮምፓስ መያዝ ያስፈልጋል።

የብርዱን ነገር ብዙዎች ይፈሩታል። ለዉዱእ የሚሆን ሙቅ ውኃ በፔርሙዝ ይዞ መውጣት አንዱ መላ ነው። በተሟላ ዉዱእ ላይ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ኹፍ ያደረገ መንገደኛ ደግሞ ለሦስት ቀንና ሌሊት እግሩን ሳያጥብ በላዩ ላይ ሊያብስ ይችላል። የዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ) ታሪክም እናስታውስ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በዛቱስ ሰላሲል ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ እጅግ በቀዘቀዘ ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነባቸው። ውኃው እንዳይገድላቸው ፈርተው በተየሙም ባልደረቦቻቸውን አሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ምክንያታቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ እንጂ አልነቀፏቸውም። ይህ ማለት ግን ትንሽ በበረደ ቁጥር ውኃ መተው ማለት አይደለም፤ ጉዳት በእርግጥ ለሚፈራበት ሁኔታ ነው።

አንድ ትንሽ ሱንና ደግሞ ለሳነቲ መንገድ የተሰጠች ትመስላለች። ሶሓቦች በጉዟቸው ዳገት ሲወጡ አላሁ አክበር፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ሱብሓነላህ ይሉ ነበር። ከጎባ እስከ ሳነቲ ተክቢራ፣ ከሳነቲ እስከ ሐረና ተስቢሕ ቢሆን መንገዱ ሁሉ ዚክር ይሆናል።

ስንቅና አለባበስ

በመንገድ ላይ ባሉት ከተሞችና በጎባ የሙስሊም ምግብ ቤቶች አሉ። ቢሆንም መጠየቅ ነውር አይደለም። በተራራው ላይ ግን የሚሸጥ ምግብ የለም ብለን መነሳት ይሻላል። የማይበላሽና ጉልበት የሚሰጥ ስንቅ ደግሞ የአርሲና የባሌ እናቶች ጥንቱን ያውቁታል፤ ጭኮ፣ ቆሎ፣ በሶና ማር ነው። ተምር፣ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ሲታከልበት ቀኑን ያስውላል።

ከልብስ በኩል ሹራብ፣ ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእግር ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ሂጃብ ለተራራ መንገድ እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም በዚያ ንፋስ ራስንና አንገትን ከብርድ ይከላከላል። መሬት የሚጎተተውን ግን ሰፋ ባለና እግር በማይጠልፍ ልብስ መለወጥ ይበጃል። ሴቶች ልጆችን «ይደክማቸዋል» ብሎ ቤት ማስቀረት ከሱንና የራቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶቻቸውን ዕጣ አውጥተው ይዘው ይጓዙ ነበር። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋርም በጉዞ ላይ ሩጫ መወዳደራቸው ተዘግቧል። ከአባቷ፣ ከወንድሟ ወይም ከባሏ ጋር የምትወጣ ሴት የአላህን ተራሮች የማየት መብቷ ከወንዱ አያንስም።

ፓርኩ አማና ነው

አንዳንድ ወጣቶች «ክልል ማጠርና ዛፍ አትቁረጡ ማለት ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሁለት ጥቁር የድንጋይ ሜዳዎች መካከል ያለውን መሬት ሐረም አድርገው፣ ዛፉ እንዳይቆረጥና አውሬው እንዳይታደን ከልክለዋል። አን-ነቂዕ የሚባለውንም የግጦሽ ሥፍራ ሒማ አድርገው ለፈረሶች ጠብቀውታል። አንድ ጉዞ ላይም ሶሓቦች የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ ስትንገላታ ባዩ ጊዜ፣ ልጆቿን እንዲመልሱላት አዘዋል።

ይህን የምናነሳው ነገሩ የምር ስለሆነ ነው። የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኞች ተነስተው ነበር። ከ2018 ጀምሮ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ መሰጠት ተጀምሯል። ጎብኚ ሥጋና ትርፍራፊ ጥሎ ሲሄድ ውሾችን ወደ ሜዳው ይጠራል። በሳነቲ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚነዳ መኪናም ቀበሮ ይገጫል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንደ ደንብ እንያዝ።

መኪናችን በሳነቲ ላይ ቀስ ብሎ ይነዳ። ለአውሬ ምግብ አንስጥ፣ ድንጋይ አንወርውር፣ ለፎቶግራፍ ብለን አናሳደው። ይዘን የሄድነውን የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ሁሉ ይዘን እንመለስ፤ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ልጆቻችን ያውቃሉ። በውኃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋልና፣ ከምንጭና ከኩሬ ርቀን ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበር። እሳት ከተፈቀደበት ቦታ ውጭ አናንድድ፤ ያነደድነውንም አጥፍተን እንጂ ትተነው አንተኛ። የአስታው ቁጥቋጦ በበጋ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

በመጨረሻም የአካባቢውን ሰው እናስታውስ። በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከብቶቻቸውን በየወቅቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅሱበት «ጎዳንቱ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። ከብቱ ሣር ይፈልጋል፣ ቤቱ ማገዶ ይፈልጋል፤ የዱር አራዊቱም ያንኑ ሜዳና ደን ይፈልጋሉ። ይህን ችግር ጎብኚ በአራት ቀን አይፈታውም፤ ሊያቃልለው ግን ይችላል። አስጎብኚውን፣ ፈረስ የሚያከራየውን፣ የሐረናን ማርና ቡና የሚሸጠውን በተገቢው ዋጋ ስንከፍለው፣ ደኑ ቆሞ እንጀራ እንደሚሰጥ በተግባር እንመሰክራለን። በሰላምታ እንግባ፣ ሳናስፈቅድ በተለይ ሴቶችን ፎቶ አናንሳ፣ ልጆችንም ከረሜላና ሳንቲም እየበተንን ልመና አናስተምር። ትምህርት ቤታቸው ደብተር ቢያስፈልገው ለመምህራኑ መስጠት ይቻላል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን ስለ አላህ ኃያልነት በመድረሳ ይማራሉ፤ በቤትም ይሰማሉ። የሰሙትን በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ ደግሞ አላህ በገዛ አገራችን አኑሮልናል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ተሰብስባችሁ ወሩን ምረጡ፣ ወጪውን ጻፉ፣ ሥራውን ተከፋፈሉ። ዘንድሮ ባይሞላ ከየወሩ ገቢ ጥቂት ጥቂት እየቆጠባችሁ ለከርሞ አድርጉት።

አላህ (ሱ.ወ) ፍጥረቱን አይተው ከሚያስተነትኑት፣ የተሰጣቸውንም አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ፣ በሰላም ይመልስ። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።